ዘይቴን ማን በላው?

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ልጄ አጁሉ ሰባ ስድስት ነህ ትላለች። ስወለድ ቆማ ታይ ነበር እንዴ? ሰባ አራት።

እንጨት ራሴ እፈልጣለሁ። ገንፎዬን ራሴ አገነፋለሁ። ያርራል፤ ግን የምበላው እኔው ነኝ፣ ማንን ምን አገባው? ሸሚዜን አጥባለሁ። ባሮ ላይ መረብ እጥላለሁ። ዓሣ ባይገባም መጣሉን እችልበታለሁ። መነጽር አላደርግም። ፒካፕ መኪና እነዳለሁ። በሥራ ቀን የባለሱቁን የመሐመድን ዱቄትና ስኳር ከጋምቤላ ጭኜ ጀዊ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮና መዘምራን እጭናለሁ። "ኦኬሎ፣ ልርዳህ" የሚለኝ ሰው አልፈልግም።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሚስቴ አቻን ከሞተች ወዲህ የምነጫነጭበት ሰው ስለሌለ ነው። እሷ መልስ ባትሰጥም ትሰማ ነበር። ደብተርም መልስ አይሰጥም። ፊደሌ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ነው። ጠማማ ነው። ለማንም አላሳየውም።

ዛሬ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣው... ጫፉ ብቻ ነው የራሰው። ከትናንት ወዲያ ሞልቼው! ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ፤ ምልክቱ ጋ እስኪደርስ።

ከዚያ እንደ ሁልጊዜው። ድንጋዩን ከጎማው ሥር ማንሳት፣ ማርሽ ሁለት፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ። ግቢዬ ወደ ባሮ ይወርዳል። አፍንጫዋን ወደ ወንዙ አድርጌ ነው የማቆማት። ትንሽ ትንከባለልና ፍሪሲዮኑን ስለቅላት ትነሳለች። ከዚያ ማንጎው ዛፍ ጋ ሳልደርስ መሪውን ማዞር ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ በክረምት ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነው። ሌላው ሰው ሞተሪኖ ሲሞትበት ጠዋት ጠዋት "ግፉልኝ፣ እባካችሁ ግፉልኝ" እያለ መንገደኛ ይለምናል። እኔ አልለምንም። ተዳፋት አለኝ።

ግን ዘይቱ... የት ነው የሚሄደው?

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

መሐመድ ሱቅ ሄድኩ። ዘይት ስጠኝ አልኩት።

"ደግሞ?" አለኝ ፂሙን እያሻሸ። "ኦኬሎ፣ የምትቀባው መኪናዋን ነው ራስህን?"

"ዘይትህ ውኃ አለበት" አልኩት።

"ምን?"

"ውኃ። ካልሆነም የምግብ ዘይት። አንድ ነገር ቀላቅለህበታል።"

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ሳሙና የሚገዙ ሴቶች፣ አንድ ከማታር የመጣ ነጋዴም። መሐመድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከደሴ መጥቶ የመጀመሪያዋን ሱቅ ሲሠራ ቆርቆሮውን ያመላለስኩለት እኔ ነኝ። ያኔ ሁለታችንም ፂም አልነበረንም።

"ወላሂ እንደታሸገ ነው የምሰጥህ። ክዳኑን የምትከፍተው አንተ ራስህ አይደለህም?"

"ከፍቶ መልሶ ማሸግ ነጋዴን ምን ያቅተዋል?"

ሴቶቹ ዞር ብለው አዩት። ዘይቱን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሁልጊዜ ስወጣ "አላህ ካንተ ጋር" ይለኝ ነበር። ዛሬ አላለም። እውነቱ ነክቶት ነው።

ስመለስ ደግሞ ቾል። የጎረቤቴ የኛዱዎት ልጅ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። መኪናዬ ከኋላዋ የምታወጣውን ሰማያዊ ጭስ እያየ እዚያ ባጃጅ ተራው ላይ ቆሞ...

"በር ዝጉ! በር ዝጉ! የወባ መድኃኒት የሚረጨው መጣ!"

የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ ሳቀ።

"ትንኙ ሲያልቅ ታመሰግኑኛላችሁ!" ብያቸው አለፍኩ። ጥሩ መልስ ነበር። ግን እቤት እስክደርስ ጆሮዬ ይግል ነበር።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

የመሐመድ ልጅ ሙስዓብ መካኒክ ነው። ጋራዡ ከአባቱ ሱቅ ጀርባ ነው። ሳልወድ ሄድኩ።

መኪናዋን ሳላጠፋ ጭሱን አየ፣ አሸተተ። እጁን ወደ መለኪያው ሲሰድ መታሁት።

"ተው። እሱን ማንም አይነካውም።"

"ጋሼ፣ ዘይቱን ልይ እንጂ።"

"ዘይቷን በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ። ጭሱን ነው ያመጣሁልህ። ስለ ጭሱ ንገረኝ።"

ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ ይታያል ሲስቅ፣ እንደ አባቱ። ከዚያ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል አለኝ። ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚያጠብቀው ቀለበት ነው፤ እሱ ሲሳሳ ዘይቱ ወደ ላይ ያመልጥና ይቃጠላል። ይህንን ለእኔ ያስረዳኛል! እሱ ሳይወለድ የእርሻ ፕሮጀክት መኪና ስነዳ ኖሬ።

"ሞተሩ መከፈት አለበት፣ ጋሼ። ወርዶ፣ ተፈትቶ..."

"አይከፈትም።"

"እንግዲያ ዘይት እየበላች ትኖራለች።"

"ትብላ። ያረጀ ሁሉ ሆዱ ይከፈት ከተባለ ከእኔ ጀምሩ።"

ተነስቼ ወጣሁ። መውጣቱ እንኳ አልሆነም፤ ጋራዡ ሜዳ ነው፣ ጠፍታ ኖሮ አልነሳ አለች። ሙስዓብ ሳልጠይቀው ከኋላ ገፋ። አላመሰገንኩትም። እኔ ግፋ አላልኩትም።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ደግሞ ደረቅ። ሞላሁ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

አጁሉ ከሥራ ወጥታ በዚያው መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ጭነት ላይ ናት፤ ያንን የሚያብረቀርቅ ሰደርያዋን እንኳ አላወለቀችም። ቆማ ግቢውን አየች። ባዶ የዘይት ጀሪካኑ በአጥሩ ሥር ተደርድሯል። መጣል ነበረብኝ።

"አባዬ፣ ይሄ ሁሉ?"

"ለውኃ መቅጃ ነው።"

"በዚህ ሁሉ ባሮን ልትቀዳው ነው?"

እናቷን ነው የምትመስለው አልልም። እናቷ ገር ነበረች። ይቺ እኔን ነው የወጣችው፤ ለዚህ ነው የማንስማማው።

የመኪናዋ ቦሎ በጥር ያልቃል። የዓመቱን ምርመራ ካላለፈች ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ መንገድ የለም። አጁሉ ማታር ያለ ነጋዴ ፒካፑን ይፈልጋል አለች። ከጀልባ የሚወርድ ዕቃ ሊያመላልስበት።

"አልሸጥም።"

"በዚያ ጭስ ቦሎ አይሰጡህም።"

"ይሰጡኛል።"

"ካልሰጡህስ?"

"ካልሰጡኝ ቁልፉን ላንቺ እሰጥሻለሁ! ወስደሽ ለፈለግሽው ሽጪ!"

ከአፌ ወጣ። እሷ እጇን ዘረጋች፣ እንደ ወንድ። ጨበጥኩት። ምን ላድርግ? ቃል ነው።

መኪናዋ ከሌለች ምንድን ነኝ? በር ላይ ተቀምጦ ሰላምታ የሚጠብቅ ሽማግሌ።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

አገኘሁት! አገኘሁት መሰለኝ።

ጠዋት መለኪያው ደረቅ ነበር። ቀና ስል የኛዱዎት አጥር። አዲስ እንጨት ተክላለች። እንጨቱ ከሥሩ እስከ ወገቡ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ጠጋ ብዬ በጣቴ ነካሁ። የሞተር ዘይት።

ምስጥ እንዳይበላው ነው። እዚህ አገር እንጨት ያለ የተቃጠለ ዘይት ሁለት ክረምት አይቆምም፤ ሁሉም ሰው ይቀባል። ግን ኛዱዎት መኪና የላትም። ባጃጅ ያን ያህል ዘይት አይወጣውም። ከየት አመጣችው?

ከመኪናዬ ሥር ተኛሁ። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ጥብቅ ነው። መልሳ አጥብቃዋለች ማለት ነው። ወይ ቾል ነው። ቁልፍ አለው፣ መፍቻ አለው።

ዓይኔ ሥር!

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ቦኖው ጋ ነገርኳት። ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ይስማ ብዬ ነው።

"ኛዱዎት፣ አጥርሽ ያምራል" አልኳት።

"ያምራል።"

"በኔ ዘይት ነው ያማረው።"

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ ጀሪካኗን አስቀመጠች። ረጅም ናት፣ ስትቆም ቁልቁል ነው የምታየኝ።

"ሌባ ነሽ ነው የምትለኝ?"

"ዘይቴ በየሌሊቱ ይጎድላል። አጥርሽ ጠቁሯል። አንቺ ምን ትይዋለሽ?"

"እኔ ካንተ መኪና የምሰርቀው ቢኖር ጭሱን ነበር" አለች። "የተረፈህ እሱ ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ውኃዋን ሳትቀዳ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ሄደች። ተራዋ ደርሶ ነበር።

የሄደችው ስላፈረች ነው። ለምን ሌላ ትሄዳለች?

ታኅሣሥ 29፣ ገና

መዘምራኑ በእኔ መኪና አልመጡም። ቾልና ጓደኞቹ በባጃጅ አመጧቸው፤ ከበሮውን ሁለት ሰው አቅፎት። ማንም ምንም አላለኝም። ፓስተሩ ብቻ "አባታችን፣ ዕረፍት ያስፈልግዎታል ብለን ነው" አለኝ። ዕረፍት!

ኛዱዎት ወተት ትሸጣለች። አቻን በሕይወት ሳለች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ኩባያ በአጥሩ ላይ ታሳልፍልን ነበር። አቻን ከሞተችም በኋላ አላቋረጠችም። ከቅዳሜ ወዲህ የለም።

ገንፎ ያለ ወተት... ይዋጣል። በውኃ ይዋጣል።

ጥር 4፣ ሰኞ

ዱቄት ልጭን ሄጄ ሙስዓብ ጠራኝ። ዛሬ አልሳቀም።

"ጋሼ፣ ኛዱዎትን ሌባ አሏት?"

"ያልኩትን ብያለሁ።"

"ዘይቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከጋራዡ። የተቃጠለውን በርሜል ሙሉ አለኝ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ቾል ነው በባጃጅ የወሰደላት።"

በርሜሉን አሳየኝ። እውነት ነው፣ በርሜል አለ። ዙሪያው ሁሉ ጠቁሯል።

"አንተ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርዎት? ዛሬ ለኛዱዎት የተቃጠለ ዘይት ሰጠሁ ብዬ?"

ዱቄቱን ጭኜ ጀዊ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ጮክ ብዬ ስከራከር ነበር፣ ብቻዬን። እሺ፣ እሷ አልወሰደችም። ታዲያ ማን? ሰው ካልወሰደው፣ ከሥር ካልፈሰሰ... መሬቱ ደረቅ ነው፣ አይቻለሁ።

ይቅርታ ልበላት? ቦኖው ጋ ሁሉም ሰምቷል። ይቅርታውንም ሁሉም ሊሰማ ነው? አይ። ቦሎው ይለፍ መጀመሪያ። ከዚያ እናያለን።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

የምርመራው ቀን። ሸሚዝ ቀየርኩ። መኪናዋን ትናንት ማታ ባሮ ወርጄ አጥቤያታለሁ።

ጠዋት መለኪያው አሁንም ዝቅ ብሎ ነበር። ዛሬ ዘይት እንዳያንሳት ብዬ አንድ ጀሪካን ሙሉ ጨመርኩላት። በደንብ ትጥገብ።

መርማሪው ወጣት ነው። ትሑት ነው፣ አባቴ አባቴ ይላል። ፍሬን አየ፣ መብራት አየ፣ ሁሉ ደህና። "ነዳጅ ስጧት" አለኝ። ሰጠሁ።

ምን ልበል... ሰማዩ ጠፋ። ከኋላ ተሰልፈው ከነበሩት ሾፌሮች አንዱ መስኮቱን ሲዘጋ ሰማሁ። መርማሪው እያሳለ ከጭሱ ውስጥ ወጣ። ወረቀቱ ላይ ጻፈ። አሠርተው በወሩ መጨረሻ ይመልሷት፣ ያኔም እንዲህ ከሆነች አላሳልፋትም አለኝ።

አጁሉ ማታ መጣች። ፊቴን አየችው።

እንደ ሁልጊዜው ተዳፋቱ ላይ አቁሜያት፣ ድንጋይ አስደግፌ፣ ቁልፉን ነቅዬ እጇ ላይ አኖርኩት።

"አባዬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ..."

"ቃል ቃል ነው። ሂጂ።"

ጥር 13፣ ረቡዕ

መሐመድ ዱቄቱን በሌላ መኪና አስጫነ። መኪናው በበራፌ አለፈ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቁልፍ የለኝም፣ የትም አልሄድም። ግን እጄ ሥራ ይፈልጋል። ዘንጉን አወጣሁ።

ደረቅ።

ከምርመራው ተመልሳ ከቆመች ጀምሮ አልተነሳችም! ያን ሁሉ ጨምሬባት! ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሳይጨስ፣ መሬት ላይ ጠብታ ሳይኖር... ደረቅ!

ጮህኩ መሰለኝ። "ማነው? ማነው የሚጠጣው?" ብዬ።

ኛዱዎት ከአጥሯ ማዶ ለአንዲት ሴት ወተት እየሰፈረች ነበር። ከቦኖው ወዲህ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

"ዛሬም እኔ ነኝ የጠጣሁት?" አለችኝ።

"አንቺን አላልኩም።"

"መኪናህ በአፍንጫዋ ተደፍታ ነው የምትለካት። ሁልጊዜ አይሃለሁ። እኔ ወተት ስሰፍርልህ ጣሳውን አጋድዬ ብሰፍርልህ ዝም ትለኛለህ?"

ገዢዋ ሴት ሳቀች። "ዝም? እሱ? ቦኖ ጋ ወስዶ ያሰማሽ ነበር!"

ወሬ ብዬ ገባሁ።

ግን... ገባሁና ቁጭ ማለት አቃተኝ። ሳፋ አመጣሁ። ውኃ ሞላሁበት፣ እስከ ግማሽ። በኋላው ጠርዝ በኩል እንጨት አቁሜ ነከርኩ፣ በከሰል ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ሳፋውን በአንድ በኩል ድንጋይ ላይ አስደገፍኩት፣ ወደ ፊት እንዲደፋ። ውኃው ሁሉ ወደ ፊት ሮጠ። እንጨቱን እዚያው ኋላ ነከርኩ።

ጫፉ ብቻ ራሰ።

የመኪናዬ መለኪያ ከሞተሩ ኋላ በኩል ነው።

ሳፋውን አቀናሁት። አጋደልኩት። አቀናሁት። ገንፎው አረረ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ማረጋገጥ አለብኝ። ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ መቆም አለባት። ወደ ታች ልልቀቃት ብል ያለ ቁልፍ መሪው አይዞርም፣ ፊቷ ደግሞ ባሮ ነው ያለው። ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ እስከ መንገዱ መገፋት አለባት።

ብቻዬን ሞከርኩ። ማርሹን አውጥቼ በትከሻዬ ገፋሁ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ወገቤ ነው የተንቀሳቀሰው። ከኋላዋ በገመድ አስሬ ወደ ላይ ሳብኩ። ገመዱ ተበጠሰ። ተቀምጬ ተነፈስኩ። ማንን ልጥራ?

ሙስዓብን? እጁን መትቼዋለሁ። መሐመድን? ሌባ ነጋዴ ብየዋለሁ በደንበኞቹ ፊት። ቾልን? የእናቱን ስም ሰፈር ውስጥ አጥፍቻለሁ። ሌላ ማን አለኝ? ሰው እንዳያስፈልገኝ ብዬ ያደረግሁት ሁሉ... እዚያ ተዳፋት ላይ ቆሟል።

ቦኖው ጋ ሄድኩ። ጠዋት ነው፣ ሰልፉ ሙሉ ነው። ኛዱዎት መሐል ላይ አለች። ጀሪካን ሳልይዝ በመሄዴ ሁሉም አዩኝ።

"ኛዱዎት" አልኩ። "ዘይቴን አልሰረቅሽም።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ" አለችኝ። "የማያውቁት እነሱ ናቸው። ለእነሱ ንገር።"

ዞርኩ። ለሰልፉ ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። ኛዱዎት አልሰረቀችም፣ ዘይቱ የሙስዓብ ጋራዥ ነው፣ እኔ ዋሽቻለሁ አልኩ... አይ፣ ዋሽቻለሁ አላልኩም፣ ተሳስቻለሁ ነው ያልኩት። አንዷ ከኋላ "አልሰማንም!" አለች፣ ሆን ብላ። ደግሜ ጮህኩ።

ከዚያ የከበደው መጣ።

"መኪናዬን... ግፉልኝ።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኛዱዎት ጀሪካኗን ሞላች፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ ሳትቸኩል። ከዚያ ወደ ባጃጅ ተራው ዞራ በኑዌርኛ ቾልን ተጣራች። ቾል የሚስቀውን ፊቱን ይዞ መጣ፣ ከኋላው ጓደኞቹ።

"አባባ፣ ዛሬ ወባ ይረጫሉ እንዴ?"

"ዝም ብለህ ግፋ" አልኩት። ሳቁ እኔንም ሊይዘኝ ነበር።

ስምንትም ዘጠኝም ይሆናሉ። ጎማዋ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ያለ ቁልፍም ወደ ኋላ ሄደች። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! ኧረ ወደ ኋላ ነው የሚባለው፣ አንተ ወዴት ነው የምትገፋው?" አንዱ ሌላውን ይሰድባል፣ ኛዱዎት ከኋላ ሆና ድንጋዩን ጎማው ሥር ታስገባለች፣ እያረፉ፣ እየገፉ... መንገዱ ላይ፣ ሜዳው ላይ ወጣች።

ሙስዓብ ሰምቶ መጥቷል። አባቱ መሐመድም በጥላው ሥር ቆሟል። መለኪያውን ለሙስዓብ ሰጠሁት።

"አንተ እየው" አልኩት።

ጠረገው፣ ከተተው፣ አወጣው። ዘይቱ ምልክቱን አልፎ፣ የላይኛውንም አልፎ፣ ወደ እጀታው ሊደርስ ነው።

ሙስዓብ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ለሰዉ ሁሉ አሳየ። "ጋሼ... ይሄ መኪና ነው የነዳጅ ማደያ?"

ከሥር ቡሎኑን ፈትቶ ትርፉን አወረደ። ሲወርድ ሲወርድ ሰው ሁሉ ጠጋ ብሎ አየ። ዘይት ሲበዛ ሞተሩ እየደበደበ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋው በመተንፈሻው ወጥቶ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል፣ ጭሱ እሱ ነው አለ ሙስዓብ። ፋሻው ያረጀ ይሆናል፣ ግን እንዲህ የሚያጨስ አይደለም።

መኪናዋ ዘይት አልበላችም። በግድ ሳጎርሳት የኖርኩት እኔ ነኝ። ጠግባ አልውጥ ስትል በጭስ ትተፋዋለች፣ እኔ ደግሞ ተርባለች ብዬ እንደገና አጎርሳታለሁ።

መሐመድ ቀረብ አለ። "ታዲያ ኦኬሎ፣ ውኃው የት ሄደ?" አለኝ።

አፈርኩ። ኮፈኑን እንደመዝጋት ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

አጁሉን ደውዬ ጠራኋት። ሁሉንም ቀድማ ሰምታለች፤ ጋምቤላ ውስጥ ምን ይደበቃል? ሻንጣ የሚጭነው ሁሉ ሳይቀር ነግሯታል።

"ቁልፉን ልስጥህ?" አለች።

"አይ። ቃሌን አላጥፍም። ቁልፉ ያንቺ ነው። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተዋል። አንቺ ንጅና ውሰጃት። ካለፈች ያንቺ መኪና አለፈች።"

ሳቋን ለመደበቅ ዞረች። "አንተ ጎን ልትቀመጥ? አፍህን ዘግተህ?"

"እሞክራለሁ።"

አልተሳካልኝም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ማርሹን ዘግይተሽ ቀየርሽ አልኳት። መኪናዋን አቁማ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ ምርመራው ዝም አልኩ። ከባድ ነበር።

ያው ትሑት ልጅ ነው። "አባቴ፣ መስኮት ልዝጋ?" አለኝ። "አትዝጋ" አልኩት። አጁሉ ነዳጅ ሰጠች። ጭስ ትንሽ ነበረ። ቀጭን፣ እንደ ሽማግሌ ትንፋሽ። ልጁ ወረቀቱ ላይ ጻፈና ሌላ ወረቀት አወጣ። ቦሎው መስታወቷ ላይ ተለጠፈ።

አጁሉ እቤት አደረሰችኝ። ወደ ግቢው ልታስገባ መሪውን ስታዞር "ተይ፣ እዚህ ሜዳው ላይ" አልኳት።

"ጠዋት ማን ያስነሳልሃል?"

"ሰው አለ።"

ቁልፉን አልሰጠችኝም። መኪናዋ ላይ እንደተሰካ ትታው ሄደች።

የካቲት 2፣ ሰኞ

መኪናዋ መንገድ ዳር፣ ሜዳ ላይ ታድራለች። ከገና ወዲህ ትተውኝ የነበሩት መዘምራን ትናንት ተመልሰው ተጭነዋል። ሙስዓብ ያዘዘልኝ ሞተሪኖ ከጅማ እስኪመጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወጥቼ "ግፉልኝ" እላለሁ። የመጀመሪያ ቀን ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረ። ዛሬ ቀለል አለኝ። አጁሉ "እኔ ሁሉንም አመሰግንልሃለሁ፣ አንድ ነገር እወስድላቸዋለሁ" አለችኝ። እምቢ። የራሴን ዕዳ ራሴ ነኝ የምከፍለው። እንዳልረሳ ልጻፈው።

ለመሐመድ። ሱቁ ሰው ሲሞላ ጠብቄ፣ ሳሙና የሚገዙት ሴቶችም ባሉበት፣ ዘይትህ ንጹሕ ነበር እለዋለሁ። ጮክ ብዬ። በሹክሹክታ የተከፈለ ዕዳ አልተከፈለም።

ለሙስዓብ። እጁን ስለመታሁት። መለኪያውን በፈለገ ጊዜ ያውጣው፤ እኔ አልናገርም። (ትንሽ ልናገር እችላለሁ።)

ለኛዱዎት። የወተት ጣሳዎቿን ጀዊ ገበያ አደርስላታለሁ፣ ጎኔ ተቀምጣ። ኩባያው ዛሬ ጠዋት በአጥሩ ላይ ተመልሶ መጥቷል፤ ምንም ሳትል። እኔም ምንም ሳልል ጠጣሁት። ያንን በቃል እከፍላለሁ፣ ቃሉን ገና እየፈለግሁ ነው።

ለቾል። ክረምት ሲመጣ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ትቀረቀራለች፣ የታወቀ ነው። እኔ ነኝ የምጎትታት። ሲቀልድብኝም ልቻለው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ሰው ነበር። ቢጫ ሸሚዝ የለበሰ፣ በእግሩ ወደ ሥራ የሚሄድ መንገደኛ። ማንም ሳይጠራው ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ከኋላ ገፋ። ስትነሳ እጁን አራግፎ ቦርሳውን አነሳና ሄደ። አላውቀውም። ስሙን አልጠየቅኩትም።

ነገ በዚያው ሰዓት ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እጠይቀዋለሁ።